የአክፋዩ አውራ ዶሮ

ሰው ሁሉ ዶሮ አርቢ ሆነ። እንቁላል ከተወደደ ወዲህ ደብረ ታቦር ውስጥ ጓሮ ያለው በጓሮው፣ ጓሮ የሌለው በበረንዳው ዶሮ ይዟል። ይዟል እላለሁ እንጂ ያረባል አልልም። ከገበያ እግሯን ጠፍሮ፣ ዘቅዝቆ ያመጣታል፤ ከነጥማቷ ይለቃታል፤ ከእራት የተረፈ በርበሬ የጠጣ እንጀራ ይበትንላታል፤ ከዚያ በሳምንቱ «እንቁላል እምቢ አለች» እያለ እኔ ዘንድ ይመጣል። ምን አድርጊ ነው የሚለኝ? እኔ ልጣልለት?

ምክር ከሆነ ይኸውላችሁ። ውሃዋ በየጠዋቱ ይቀየር፤ አንተ የማትጠጣውን ውሃ ዶሮዋም አትጠጣው። ማደሪያዋ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ይሁን፣ በሩም ደህና አድርጎ ይዘጋ፤ ሸለምጥማጥ እንደ አማት ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች» አይልም። ከጥግ ደረቅ አመድና አሸዋ ይቀመጥላት፣ ተንከባላ ቅማሏን ታራግፍበት። የእንቁላሉን ቅርፊት አትጣሉት፤ አድቅቃችሁ መልሱላት። ይሄን ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኝና ይሄዳሉ፣ አንዱንም አያደርጉትም። ዋናውን ስነግራቸው ደግሞ ይስቃሉ። ዋናው ይሄ ነው፦ ከውጭ የመጣ ዶሮ ማንም ይስጣችሁ ማን፣ ጥቂት ሳምንት ለብቻው ሳይከርም ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀል። «እንዴ፣ ዶሮም እስር ቤት ይገባል?» ይሉኛል። አዎ፣ ይግባ። ይሄ ምክር እኛን ምን እንዳስከፈለን እነሱ የት ያውቁታል።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ከጋፋት ወዲያ ካለው መንደራችን ወጥታ እኔ ቤት ገባች። ሞፈርና ቀንበሩን፣ በሬውን፣ መሬቱን ለታላቅ ወንድሟ፣ ለአጎቴ፣ በእኩል እንዲያርሰው ትታ መጣች። ይዛ የመጣችው ዶሮዎቿን ብቻ ነው። በእኛ አገር በሬ የባል ነው፣ ላም የሁለቱም ናት ይባላል፤ ዶሮ ግን የሴት ናት። ባል የእንቁላሉን ነገር አይጠይቅም፤ የሚጠይቅ ባል ከተገኘም መንደሩ ይስቅበታል። እናቴ ገብስማዋን፣ ቀይዋን፣ ወሰራዋን በቅርጫት አድርጋ፣ አፉን በአሮጌ ነጠላ ሸፍና፣ በአህያ ጭና ከተማ ስትገባ ሰፈሩ ወጥቶ አየ። ባሌ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ቀልድ አያልፈውም፤ «እማማ፣ እኛን ሊጠይቁ ነው ወይስ ገበያ ሊውሉ?» አላት።

እሷ አልሳቀችም። ማታ ለብቻዬ ስታገኘኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ስሚ ልጄ፤ በአማቿ ቤት መጦር ደስ የሚላት ሴት የለችም። እነዚህ እስካሉ ድረስ ጨዌን፣ ቡናዬን፣ የማኅበሬን ጧፍ በራሴ እገዛለሁ፤ ቀና ብዬ እገባለሁ፣ ቀና ብዬ እወጣለሁ። እነሱ ያለቁ ቀን ግን ወደ ወንድሜ እሄዳለሁ። ያኔ እንዳትይዢኝ።»

«በዶሮ ነው እንዴ እኔ ቤት የምትቀመጪው?» ብዬ ተቆጣሁ። እውነቱን ልናገር፤ ካገባሁ ወዲህ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከሱቅ ስመለስ ግቢው ውስጥ ድምጿን እሰማለሁ፤ ከዶሮዎቹ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ አንዷን ስትረግም፣ አንዷን ስትመርቅ። የአጎቴን ቤት ደግሞ አውቀዋለሁ። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሚስቱ ግን እንጀራ ስታቀርብ የሚቆርሰውን እጅ ታያለች። እናቴ እዚያ ቤት ጥግ ይዛ ስትቀመጥ እየታየኝ «ዶሮዎቹን እግዜር ይጠብቅልን» አልኩ፤ ለዶሮ ጸልዬ አላውቅም ነበር።

ስለ ዶሮ የማውቀውን ሁሉ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከተሜው በሁዳዴ እንቁላል ያጠራቅማል። ጾም ነው፣ የሚበላው የለም፣ ዋጋውም ይወድቃል፤ ስለዚህ ለፋሲካ እሸጠዋለሁ ብሎ አልጋ ሥር ይቆልለዋል። ፋሲካ ሲደርስ ቢሰብረው ሰፈር ያስለቅቃል። እናቴ ግን ጾምን የምትጠብቀው ለማስታቀፍ ነው። እንቁላሉን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንስታ ታየዋለች፤ የቆየውን፣ በመኪና የተንገጫገጨውን፣ ቅርፊቱ የሳሳውን ትለያለች። በተሰበረ ጋን ውስጥ ገለባ ትጎዘጉዛለች፣ ከገለባው ሥር ደግሞ ለነጎድጓድ ብላ ሚስማር ትቀብራለች። የሚስማሩን ነገር እንኳ ተዉት። «እማዬ፣ ነጎድጓድ ሚስማር ምን ያደርገዋል?» ስላት «አላውቅም፤ አንቺ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እኔም አላውቅም።

በዚያ ጾም ቀይዋ ዶሮ ልታቀፍ ብላ ጎጆዋ ላይ ተጣበቀች። ግድግዳ የምንጋራት የባለ ሱቁ ሚስት፣ ሙስሊም ናት፣ ሳቂታ ሴት፣ ዶሮ ማስታቀፍ ትፈልግ ስለነበር እናቴ ቀይዋን አዋሰቻት። እንቁላሉ ግማሹ የእናቴ፣ ግማሹ የጎረቤቴ ሆነ፤ ጫጩቶቹ ከእናታቸው ሲለዩ እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። ጎረቤቴ ጭልፊት ስለምትፈራ ዶሮዋን ከሱቁ ጀርባ ካለው ክፍል፣ ከጆንያዎቹ ኋላ አስቀመጠቻት። ይህን ያነሳሁት ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ዝናብ ሊገባ ሲል የሚመጣውን የዶሮ በሽታ ፈንግል እንለዋለን። አንድ ግቢ ከገባ ጠራርጎ ነው የሚወጣው። መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ ለጤነኛ ዶሮ ነው የሚሰጠው፤ የእኛ ሰው ግን ዶሮው አንገቱ ከተጣመመ በኋላ ነው የሚሮጠው። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በፊት የእንስሳት ጤና ሠራተኛው ወደ ሰፈራችን መጣ። ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ ለነገ አይተርፍም፣ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ስለዚህ የሰፈሩ ዶሮ ስንት እንደሆነ ንገሩኝና ቀን ልቁረጥ አለ። ያለው ይሄን ብቻ ነው።

አሁን የሰፈሬን ሰው ጥበብ ስሙ። በእኛ ዘንድ ዶሮ አይቆጠርም፤ ከቆጠሩት ዓይን ይገባበታል። ስለዚህ ግቢዋ በዶሮ የተተራመሰባት ሴትዮ «አንድ ሁለት ብትገኝ ነው» አለች። በየቀኑ ሙሉ ቅርጫት እንቁላል ገበያ የሚልከው ሰውዬ «የድሮዎቹ አለቁ፣ አንዲት ቀርታለች» አለ። ዶሮዎቹ እግሩ ሥር እየተሯሯጡ ነው ይሄን የሚለው። ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነው፤ የነገሩትን ደምሮ «እንግዲህ ለዚህችማ ብልቃጥ አይከፈትም፤ ከበዓሉ በኋላ ከሌላ ሰፈር ጋር አገናኝቼ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ከቡዳ ያመለጠው ዶሮ ሁሉ ለፈንግል ተቀመጠ።

እናቴስ? እናቴም አልተናገረችም። «አሉ ጥቂት፤ እግዜር ይመስገን» ነው ያለችው። እኔ ከጀርባዋ ሆኜ ቁጥሩን ልናገር ስል ቆነጠጠችኝ።

ፋሲካ አልፎ በሽታው ከታችኛው ሰፈር ሲሰማ እናቴ በሩን ዘጋች። ዶሮዎቹ ከጓሮው ከለላ እንዳይወጡ፣ እንግዳ ባደረገው ጫማ ወደ ጓሮ እንዳያልፍ፣ እኔም ከገበያ ስመለስ ደጅ ላይ ጫማ እንድቀይር አዘዘች። ሰፈሩ በእኛ ሳቀ። እነሱ ምን ሲያደርጉ እንደነበር ልንገራችሁ? አንዷ ዶሮ ክንፏን ስትጥል የቀሩትን አፍሰው ገበያ ይሮጣሉ፣ ሳይሞቱ እንዲሸጡ። ገዢውም ረከሰልኝ ብሎ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ይወስዳል። የሞተውን ቦይ ውስጥ ይጥሉታል፣ ውሻ እየጎተተ ለየግቢው ያድላል። ከዚያ ተሰብስበው «ዘንድሮ ምን ዓይነት መዓት ነው የወረደብን» ይላሉ። መዓቱስ በአህያ ተጭኖ ነው ገበያ የዋለው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ የእኛ ግቢ ደህና ነበር። እንዲህ እንዳለን ነው የታናሽ እህቴ ባል አክፋይ ይዞ የመጣው።

የእህቴ ባል አንበሳሜ ላይ እህል ይነግዳል። ክፉ ነው አልልም፤ ለጋስ ነው፣ እጁ ይፈታል። ግን የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ጤፍ ያውቃል፣ ስለ መንግሥት ያውቃል፣ ስለ ሴት ሕመም ሳይቀር ያውቃል። እህቴን በዚያ ዓመት በጥር በአፉ አስመርሯት ቤቷን ጥላ እኛ ጋ መጥታ ነበር፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ብዙ ተለምኖ፣ ታርቀው ተመለሰች። ከእርቁ በኋላ እናቴ ደጅ ሲመጣ ያ የመጀመሪያው ነው። አክፋይ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከፋሲካ በኋላ አማች ለአማቱ የሚያመጣው የክብር ስጦታ ነው። ድፎ ዳቦውን እህቴ ተሸክማለች፣ አረቄውን በጠርሙስ ይዟል፣ በቀኝ እጁ ግን አንድ ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ አንጠልጥሏል።

«ከአንበሳሜ ገበያ መርጬ ነው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ይሄን የመሰለ የት ይገኛል? ሻጩ ቸኩሎ ስለነበር በርካሽ ሰጠኝ።»

ሻጩ ለምን እንደቸኮለ አልጠየቀም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገሬ ሰው፤ የእህቴ ባል ግን ጠርጥሮ አያውቅም።

እናቴ ተነስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አውራውን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ መረቀችው። እኔ ወደ ጓዳ ጎትቻት «እማዬ፣ አሁኑኑ ይታረድ» አልኳት። እሷም ይሄንኑ አስባ ኖሮ «ማን ያርደዋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ አገር ሴት አታርድም። ባሌ ለሥራ እብናት ወርዷል። ቢላዋ አለ፣ ድስት አለ፣ ሽንኩርት አለ፣ የሚያርድ ወንድ የለም። ያለው ወንድ አንድ እንግዳው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሳሎን ሆኖ «ይሄ የሚታረድ እንዳይመስላችሁ፣ ለዘር ነው ያመጣሁት፤ የእማማ ዶሮዎች ዘራቸው ደቃቃ ነው» እያለ ያስተምረናል።

ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ጎረቤቴን ጠርቼ ነገሩን ብነግራት ሳቀች፤ «የእኔ ባል አለልሽ፣ ያርድልሽ፤ ግን እናንተ አትበሉትም። አርዶ እኛ እንብላው?» አለችኝ። እኔ በደስታ «ውሰዱት» ልላት ነበር። ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላምም እኛ ያረድነውን አይበላም፤ እንዲህ ተጠባብቀን ለዘመናት የኖርነው በአንድ ግድግዳ ነው። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «የአክፋይ ዶሮ ለጎረቤት ሰጠች ከሚባል እኔ ልሙት» አለች። «ልጄ ትናንት ነው የታረቀችው። ሽማግሌዎቹ እንኳ ገና እግራቸው አላረፈም።»

ስለዚህ አውራውን ወስዳ ከማገዶ ቤቱ፣ ከዶሮዎቹ ርቆ፣ እግሩን በገመድ አሰረችው። ጥሬና ውሃ አቀረበችለት። በልቤ አበጀሽ አልኳት። ምሳ ቀረበ፣ አረቄው ተቀዳ፣ የእህቴ ባል ስለ ዶሮ አረባብ እስኪጠግብ ነገረን። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ወጣና ማገዶ ቤቱን አየ።

ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነው። «ምነው አማቴ» አለ፣ የሚስቅ ለመምሰል እየሞከረ፤ «አውራዬን እንደ ሌባ አሰሩት? ወይስ እኛ ያመጣነው ነገር ከእናንተ ጋር አይቀላቀልም?»

እህቴን አየኋት። ጉርሻ ለመጠቅለል የያዘችው እንጀራ እጇ ላይ ቀረ፤ እናቴን ነበር የምታየው፤ ዓይኗ ይለምናል። እኔ «ፈንግል ስላለ ነው» ልል አፌን ከፍቻለሁ። እናቴ ቀደመችኝ።

«ኧረ የኔ ጌታ፣ መንገድ አድክሞታል ብዬ ነው እንጂ። ይፍቱት» አለች።

እሱ ደስ ብሎት ዘለለ። ገመዱን በጥርሱ ፈታ፣ የጓሮውን ከለላ ገፍቶ፣ አውራውን ከዶሮዎቹ መሐል ወረወረው። አውራው ክንፉን አራገበና ወዲያው ገብስማዋ ላይ ወጣ። የእህቴ ባል አጨበጨበ። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ አየች፤ እኔን ግን አላየችኝም።

ምን ልበላችሁ። መጀመሪያ የተኛው ራሱ አውራው ነው። ላባውን አንጨብርሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አረንጓዴ እያስቀመጠው ሞተ። ከዚያ ወሰራዋ። ከዚያ አንገቷ ተጣሞ ሰማይ ሰማይ የምታይ ጫጩት፤ ወደ ኋላዋ ስትሄድ የውሃው ሳህን ውስጥ ወደቀች። እናቴ አንዱንም ቦይ አልጣለችም። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ፣ አመድ እየነሰነሰች ቀበረቻቸው። የመጨረሻዋ ገብስማዋ ነበረች፤ የእነዚያ ሁሉ እናት፣ ከመንደር ይዛት የመጣችው። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ዝንብ ስትከላከልላት ዋለች። ከዚያ ወዲያ ግቢው ጸጥ አለ፣ እናቴም ጸጥ አለች።

«አንበሳሜ ሄጄ ልንገረው» አልኳት። «ያ ገልቱ ምን እንዳደረገ ይወቅ።»

«ቢያውቅ ማንን ይመልስልኛል?» አለችኝ። «ነገ በተጣሉ ቁጥር "እናትሽ ነፍሰ ገዳይ አደረገችኝ" ይላታል። አንቺ ተናግረሽ ይወጣልሻል፤ ከእሱ ጋር የምታድረው እሷ ናት።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ባዶዎቹን ቅርጫቶች አንዱን በአንዱ ውስጥ ከትታ ወደ አጎቴ ቤት ሄደች። ባሌ ለመናት፣ እኔ አለቀስኩ። ቃሏን ጠበቀች እንጂ ሌላ ምን አደረገች? እኔ ግን ለብዙ ጊዜ የእህቴን ባል ስም ሰው ሲጠራ እንኳ ምራቄ ይመረኝ ነበር። ሰፈሩም ሊያጽናናኝ መጣ። «ዓይን ነው» አሉኝ። ዓይን ነው! እኔ ዓይን ያለው ሰው አንድ ብቻ ባገኝ ምን ነበረበት።

ክረምቱ ሲገባ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «የእናትሽ ድርሻ ደርሷል፤ መቼ ትወስጂያለሽ?» አለችኝ። ቀይዋ ዶሮና ጫጩቶቿ! እነዚያ ከጆንያ ኋላ ተደብቀው በሽታውን አልፈውታል። በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ አየሁ፤ ከመሐላቸው ገብስማ ነበረበት፣ ቁርጥ የአያቷን ላባ የለበሰች። የዚያኑ ቀን ላመጣቸው ነበር። ግን ግቢዬን አየሁና ተውኩት፤ እናቴ እዚህ ብትኖር ምን እንደምትል አውቃለሁ። የጓሮውን አፈር ጠርጌ አወጣሁ፣ ቆጡን አቃጥዬ በአዲስ ቀየርኩ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። ጎረቤቴን «እኔ ጋ ጊዜ ይለፍ፤ አንቺ ያዢልኝ» አልኳትና ለሐምሌ አቦ እናቴን ልጠይቅ መንደር ወጣሁ።

ስደርስ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? እህቴና ባሏ። ጾመ ሐዋርያት የተፈታበት ቀን ነው፤ አጎቴ ዶሮ አሳርዶ ድግስ አለ። እናቴ ጥግ ላይ ነበረች። ከስታለች። የአጎቴ ሚስት ለሁሉም ወጥ አውጥታ ለእሷ መረቅ ጨመረችላት፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።

የእህቴ ባል አፉን ጠረገና «አማቴ፣ ምነው ከተማውን ጠሉት? ዶሮዎቹስ? ያ አውራዬስ እንዴት ሆነ?» አለ።

አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ሳትናገር ብትቀር እኔ ልናገር ነው። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ እንደ አፈረ ሰው ሆና፣ «ዶሮዎቹንስ ሸጥኳቸው፤ አርጅቼ ማን ይሯሯጥላቸዋል ብዬ» አለች። «የእርስዎን አውራ ግን… እንዴት አድርጌ ልናገረው? በላሁት። ለዘር ብለው አምጥተውልኝ ሆዴ አሸነፈኝ። እንደዚያ ያለ ሥጋ በዕድሜዬ አልቀመስኩም።»

የእህቴ ባል እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ለዘር ያልኩትን ለወጥ!» እያለ ጉልበቱን መታ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የአጎቴ ሚስት «ጉድ እኮ ነው፣ ዝም ብለው ነው ለካ የሚመስሉት» አለች። እኔ ምላሴን ነክሼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው ከመንደር መንደር ዞረ። እናቴ፣ ጾም የማትገድፍ፣ ከራሷ አፍ ነጥቃ ለልጅ የምታጎርስ ሴት፣ «አውራ ዶሮ ብቻዋን የጨረሰች» ተባለች። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያነሱባት ነበር።

በማግስቱ ከተማ ይዣት ልመለስ ለመንኳት። «ለምን ዋሸሽ? አሁን ማን ይባላል ሆዳሙ?» አልኳት።

«እኔን ሆዳም ቢሉኝ ምን እጎዳለሁ?» አለች። «ማን ሊያገባኝ ነው?»

ሳልወድ በግድ አሳቀችኝ። ያን ጊዜ ነው የጫጩቶቹን ነገር የነገርኳት። «ገብስማ አለበት?» አለች። አለበት አልኳት። «በጠቅላላው…» ብዬ ቁጥሩን ልናገር ስጀምር በመዳፏ አፌን ከደነችው። ያ ሁሉ አልፎባት ዛሬም አይቆጠርም! ባዶዎቹን ቅርጫቶች ከአጎቴ ጎተራ ሥር አውጥታ አራገፈች፣ እኔም መምጣቷን ያወቅሁት በዚያ ነው።

ዓመት አለፈ። ዶሮዎቹ አደጉ፣ ጣሉ፣ እናቴም ጧፏን በራሷ መግዛት ጀመረች። የጤና ሠራተኛው ዳግመኛ ሲመጣ እኔ ራሴ የሰፈሩን ዶሮ በየአጥሩ ላይ እየተንጠራራሁ ቆጥሬ ነገርኩት፤ ሴቶቹ ረገሙኝ። ይርገሙኝ። ቀን ተቆረጠ። ፋሲካ አልፎ የአክፋይ ሰሞን ሲገባ፣ ክትባቱ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ፈንግሉም ከታች ሰፈር ሲወራ፣ ደጁ ተንኳኳ።

ከፍቼ አየሁ። የእህቴ ባል ነው። እህቴ ከኋላው ድፎ ዳቦ ተሸክማለች። በእጁ ደግሞ ካምናው የሚበልጥ አውራ ዶሮ፣ ከአንበሳሜ ገበያ። ሁለት እጄን ዘርግቼ በሩ ላይ ቆምኩ። በዚህ በር አታልፍም ልለው ነው፤ እርቅ ይፍረስ፣ ሰማይ ይደፋ፣ ልናገረው ነው።

እናቴ በክንዴ ሥር ሾልካ ወጣች። በአንድ እጇ ቢላዋ፣ በሌላው ሳህን ይዛለች። ምድጃው ላይ ውሃ ጥዳ እንደነበር ያስተዋልኩት ያኔ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ይፈላል።

«ዶሮ የማይጠግቡት አማቴ!» አለ ሳቁ ቀድሞት። «ዘንድሮስ ለዘር አላልኩም፤ ለሆድዎ ነው ያመጣሁት።»

«ዕድሜ ይስጥልኝ የኔ ጌታ» አለች እናቴ። «እንግዲያው አይግቡ፤ እዚሁ ደጅ ይረዱልኝ። አላስችል ብሎኛል።»

እሱም እየሳቀ፣ ደስ እያለው፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በስመ አብ ብሎ ደጅ ላይ አረደው። ላባውም እዚያው ደጅ ላይ ተነጨ። እህቴ ከሠርጓ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። እኔ እጆቼ እንደተዘረጉ ቀርተው ነበር፤ ቀስ ብዬ አወረድኳቸው። እናቴ የቀረበላትን በላች፣ ያጎረሳትን ሁሉ ጎረሰች፣ «ጨምሩልኝ» አለች። እሱ ጭኑን እየመታ ተሳለቀባት፣ እሷም አብራው ሳቀች።

ሲመሽ ሸኘናቸው። እናቴ ላባውንና አንጀቱን ሰብስባ ከአጥር ውጭ ቀበረች፤ ደሙ ላይ አመድ ነሰነሰች፤ ቢላዋውን በፈላ ውሃ፣ እጇን በአመድና በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች። መንገዱን ጎንበስ ብላ አየች፤ አማቿ ኩርባውን አልፎ ሄዷል። አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ስለ እሱ አንዲት ክፉ ቃል ባወጣሁ ቁጥር ስትገሥጸኝ ነው የኖረችው።

«ጅል» አለች።

ከዚያ ወደ ጓሮ ገብታ ለዶሮዎቿ ውሃ ቀየረችላቸው።